ሰባተኛው አምስት

አይ፣ ተሳስቼ ነው፣ እንደገና ልቁጠር፣ አምስት በዜሮ እዚያ ጥግ ላይ አለ፣ አምስት በአንድ አለ፣ አምስት በሦስት ፐርሊን የጣለችው፣ አምስት በአራት፣ አምስት በስድስት፣ እነዚህ አምስቱ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ስድስተኛው እጄ ውስጥ ነው፣ አምስት በሁለት፣ በላቤ አጥቤዋለሁ፣ ሰባተኛውስ። ሰባተኛው የት ገባ። እያንዳንዱ ቁጥር ሰባት ድንጋይ ላይ ነው ያለው አይሲ፣ ስድስትም አይደለም ስምንትም አይደለም፣ ሰባት መቁጠር ያቃተው ሰው ዶሚኖ አይጫወት፣ ሄዶ ዶሮ ይጠብቅ፣ ይኼን ያለኝ ላስ ነው፣ የተጋባን ዓመት፣ ዝናብ አላስወጣ ብሎን ኩሽና ውስጥ ተቀምጠን፣ ያን ጊዜ ዶሮም ነበረን፣ ስቄ ነበር። አሁን ሳቄ አይመጣም። የጎደለው ድርብ አምስት ነው፣ ሁለቱም ፊቱ አምስት የሆነው።

በርቸል አምስት ላይ አልፏል፣ በሁለተኛው ዙር፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ አለፍኩ ብሏል፣ ስለዚህ እሱ ጋ የለም። አጋሩ ፐርሊንም አልፋለች፣ በአራተኛው ዙር፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እሷም ጋ የለም። እኔ ጋ የለም፣ እኔ የቀረኝ ሁለት ድንጋይ ነው፣ አምስት በሁለትና አንድ በዜሮ፣ ባገላብጣቸውም ባሻቸውም ያው ናቸው። የቀረው ላስ ነው። ባሌ ላሴልስ፣ አጋሬ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ የሰቀለው። እና ላስ አሁን፣ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም፣ የመስመሩ አንዱ ጫፍ አምስት ሆኖ አፍጥጦ እያየው፣ በቀለበት ጣቱ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገና አለፍኩ አለ።

አምስት ይዞ አለፈ።

ቆይ፣ አትቸኩዪ፣ ምክንያት ይኖረዋል፣ ላስ ያለ ምክንያት ትንፋሽ አይስብም። ዘዴ ይሆን። ዘዴ አይደለም፣ እያለው የሚያልፍ ሌባ ነው፣ ይኼም የራሱ ቃል ነው፣ ኤግበርት እያለው አልፎ የተያዘ ጊዜ ከዚህ ጠረጴዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ያባረረው ማነው፣ ላስ ነው፣ ቀብር ላይ እንኳ ሲያገኘው ሰላም አላለውም። ዓይኑ ይሆን። የዓይኑ ሞራ በፋሲካ ሰሞን ተነስቶለታል፣ ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙረ ዳዊቱን ያለ መነጽር ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ፣ የጉንዳን እግር የምታህለዋን ፊደል ሳይቀር። አረቄው፣ ሩሙ ይሆን። ሩም የነካ የለም፣ የዝንጅብል መጠጥ ነው የጠጣው፣ እሱንም ግማሹን ትቶታል፣ ዝንብ ገብቶበታል። እህ፣ ታዲያ ምን ቀረ። ምን እንደቀረማ አውቃለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ ግን ስሙን አልጠራውም፣ ስሙን ከጠራሁት ተከትሎኝ ቤት ይገባል።

ሚስ አይሲ፣ ምነው፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ድርብ አምስቷ ላይ ተቀመጡባት እኮ፣ ይጣሏትና እንገላገል፣ ይለኛል በርቸል፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የእሑድ ሸሚዙን እስከ ሆዱ ከፍቶ። ድርብ አምስት እኔ ጋ ያለች መስሎታል። ሲቆጥር ልክ ነው፣ ሦስቱም አምስት ላይ ካለፉ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ መቁጠር ያውቃል፣ ያስተማረው ላስ ነው፣ ገና የአሸዋ መኪና ረዳት ሳለ፣ ዛሬ መኪናው የራሱ ነው። ፐርሊን ደግሞ፣ ተዋት እስቲ፣ ጸሎቷን ትጨርስ፣ ትላለች፣ ሱቁም በረንዳውም ኮምፔንሳቶ የተመታበት በርሜልም የእሷ ነው፣ ጠረጴዛ የምንለው ማለቴ ነው። ጸሎት አይደለም የያዝኩት ፐርሊን፣ ቁጥር ነው የያዝኩት፣ ይኼ የተረገመ ቁጥር ስንቴ ብቆጥረው ሰባት አልሞላ አለኝ።

ማለፍ ቃል ነው አይሲ፣ ይለኛል ላስ ሁሌ፣ ዶሚኖ ላይ አፍ ዝም ይላል እጅ ይናገራል፣ ሰው ሲያልፍ ስሚው፣ ምን እንደሌለው እየነገረሽ ነው፣ አጋርሽ ሲያልፍማ ሁለት ጊዜ ስሚው። እሺ፣ ሰማሁህ። ሁለት ጊዜ አንኳኳህ ሁለት ጊዜ ሰማሁህ፣ ምን እንደሌለህ ነገርከኝ።

ድንጋዮቹን አያለሁ፣ ጀርባቸውን፣ ሦስት ቀርተውታል። ላስ ድርብ ድንጋይ ሁሌ በግራ ጫፍ ነው የሚያቆመው፣ ከሌሎቹ ጣት ያህል ራቅ አድርጎ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲሁ ነው፣ ይኼን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እንዳላወቅሁም እሆናለሁ፣ የአጋርን እጅ ማየት ነውር ነው። በግራ ጫፍ አንድ ድንጋይ ራቅ ብሎ ቆሟል። ድርብ ድንጋይ ሰካራም እንግዳ ነው፣ ሳይመሽ ሸኚው፣ ካስቀመጥሽው ቤትሽ ውስጥ ይተኛል፣ እያለ እኔን የሚገስጸኝ ሰውዬ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ይዞት ተቀምጧል። አያየውም። ዓይኑ ያያል እሱ አያይም፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ ለካ፣ ዛሬ ነው የገባኝ።

ዛሬ አምስቱንም ጨዋታ ተበልተናል። በበሩ መቃን ላይ በበርቸል ስም ሥር አምስት የጠመኔ ጭረት አለ፣ በእኛ ሥር እንጨቱ ብቻ። ስድስተኛውን ከበሉን ስድስት ለዜሮ ይባላል፣ እና በፐርሊን ሱቅ ስድስት ለዜሮ የተበላ ስሙን በገዛ እጁ በሩ ላይ ይጽፋል፣ እስከሚቀጥለው እሑድ አይጠፋም፣ ሳሙናና ዱቄት ሊገዛ የመጣ ሁሉ አንብቦ ይገባል። የኤግበርት ስም እዚያ በር ላይ ኖሯል፣ የበርቸል ኖሯል፣ የፓስተሩም ኖሯል። የላስ አንድ ቀንም። በሁለተኛው ጨዋታ እኔ በሦስት ከፈትኩ፣ የከፈትኩትን ሦስት በሌላ ቁጥር ሸፍኖ የገደለብኝ ራሱ ላስ ነው፣ አጋርሽ የከፈተውን ቁጥር አትግደዪ ከሞትሽም ለእሱ ሙቺ የሚለው ሰውዬ፣ በልቤ ሌላ ነገር አስቦ ነው አልኩ። በአራተኛው ተራው ሳይደርስ ጣለ፣ በርቸል ሳቀ፣ ላስም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የሰው ልጅ ሲፈራ ይስቃል።

አሁን የእኔ ተራ ነው። በግራ ያለው ጫፍ አምስት፣ በቀኝ ያለው ሁለት፣ እጄ ላይ ያለው አምስት በሁለት፣ በሁለቱም በኩል ይገባል፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ በሰው ላይ የሚጥል እግዜር ነው። በቀኝ ከገጠምኩት አምስቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሁለቱም ጫፍ አምስት ይሆናል፣ ጨዋታው ተዘጋ፣ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም እጁን ይገልጣል ነጥቡ ይቆጠራል፣ ያነሰው ያሸንፋል፣ እኔ ጋ የሚቀረው አንድ በዜሮ ነው፣ አንዲት ነጥብ፣ አንዲት፣ ድርብ ዜሮ ወጥታለች፣ ከዚህ የሚያንስ የለም፣ አሸንፋለሁ፣ ላስን ከበሩ አድነዋለሁ። እና የላስ እጅ ይገለጣል። ድርብ አምስት በግራ ጫፍ። አሁን አልፈው አልነበር እንዴ ማስ ላሴልስ፣ ይሉታል፣ ማስ ብለው፣ ጋሼ እንደማለት አክብረው።

በግራ ከገጠምኩት ሁለቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሁለቱም ጫፍ ሁለት። በርቸል አንድ ድንጋይ ነው የቀረው፣ ሁለት ነው፣ ፐርሊን ያንን ሁለት ስትከፍትለት እግሩን መወዝወዝ አቆመ፣ በርቸል ያገኘ ቀን እግሩ ዝም ይላል። ይጥላል፣ ያልቅለታል፣ ይጮሃል፣ ወንበሩን ይገለብጣል፣ ድንጋዩ በጀርባው ተደፍቶ ይቀላቀላል፣ የተሸናፊን እጅ የሚገልጥ የለም፣ ድርብ አምስቷ ከሃያ ስምንቱ መሃል ትጠፋለች። ማንም አያውቅም። ስማችን በር ላይ ይጻፋል፣ ይጻፋ፣ ስም በጠመኔ ቢጻፍ ምን ይሆናል፣ በሳምንቱ ይጠፋል። ይኼኛው ግን አይጠፋም፣ አንዴ ከወጣ ማን ይሰርዘዋል፣ ላሴልስ እኮ ጨርሷል፣ አልሰማሽም፣ ድርብ አምስት ይዞ ሲያልፍ በዓይናችን አየን፣ ምስኪን፣ ምስኪን የምትለዋ ቃል ናት የምትገድለኝ።

ገመናዬን ልሸፍን። ባሏን የማትሸፍን ሴት ምን ሴት ናት።

ሐሙስ። ሐሙስን አላስብም ብዬ ነበር። ሻኖያ መጣች፣ የበርቸል ልጅ፣ የመጨረሻዋ፣ ስምንት ዓመቷ፣ ላስ ተማሪ የሚያመላልስበትን ሚኒባስ የተቀደደ የመስኮት መጋረጃ ልስፋ ብዬ ከልጆቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሜ፣ ሚስ አይሲ፣ ማስ ላሴልስ ዛሬ ጨዋታ አጫወቱን፣ ምን ጨዋታ፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት መሻገሪያው ጋ አቆሙና ልጆች ትምህርት ቤት በየት ነው ግራ ነው ቀኝ ነው ብለው ጠየቁን፣ ሁላችንም ቀኝ ቀኝ ብለን ጮህን፣ እሳቸውም ጎበዞች ብለው ነዱ፣ ነገም እንጫወታለን ወይ በሏቸው። እየሳቀች። ጥርሷ ከፊት ወልቋል። መርፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ፣ ደሙ ሲወጣ አየሁት፣ አላመመኝም። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የነዳው መንገድ። ትምህርት ቤቱ ከመሻገሪያው ሆነው ቢያዩት ጣሪያው ይታያል። እኔም ሳቅሁ፣ አዎ፣ አልኩ፣ ነገም ያጫውቷችኋል። በዚህች አፌ።

ዓርብ ነዳ። ዓርብ ሙሉ ቀን በሩን እያየሁ ዋልኩ፣ ሩዙ አረረ፣ ቦሎቄውን ደገምኩት፣ የሞተር ድምፅ ስሰማ በር ላይ ወጣሁ፣ ገባ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አራት፣ ጌታ ሆይ አሥራ አራት፣ እሱ ባርኔጣውን ሰቀለና የሚበላ አለ ወይ አለኝ። ማታ እነግረዋለሁ አልኩ፣ ቅዳሜ እነግረዋለሁ አልኩ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አልኩ። ነገ ሰኞ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ከምስማሩ ያነሳል፣ አሥራ አራት ልጅ ይጭናል፣ ከመሻገሪያው በላይ ያለው ኩርባ አጥር የለውም፣ ባለፈው ዝናብ ጠርዙ ተንዷል፣ ቀዩ አፈር ገደል ድረስ ተንሸራቷል፣ እዚያ ላይ መሪ ይዞ፣ ግራ ነው ቀኝ ነው ቢል፣ ልጆቹ ባይጮሁ፣ ወይ ግማሾቹ ለቀልድ ግራ ቢሉ። ልጅ ይቀልዳል።

አላስብም። ድንጋዩ እጄ ላይ ሾለከ፣ ያዝኩት።

እና በርቸል እዚህ ተቀምጧል፣ ክርኔን ሊነካኝ ምንም አልቀረው፣ የሻኖያ አባት፣ እየሳቀ፣ በእሱ ልጅ ነው እኔ ቁማር የምጫወተው፣ ሌላ ምን ይባላል። ዝም ባልኩ ቁጥር ልጁን አስይዛለሁ። ቤት ገብቼ እነግረዋለሁ እኮ፣ ዛሬ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ በጨዋ ደንብ፣ ላስ፣ ቁልፉን ለጥቂት ቀን፣ ሐኪም እስኪያይህ፣ ውሸታም፣ ውሸታም ነሽ አይሲልዳ፣ አትነግሪውም፣ ሐሙስ አልነገርሽውም ዓርብ አልነገርሽውም፣ ራት ታቀርቢለታለሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ይልሻል፣ ራሴን አሞኛል ትያለሽ። የምፈራው እሱ እንዳያፍር ነው። አይደለም። የምፈራው ለራሴ ነው። ከነገርኩት እውነት ይሆናል፣ እውነት ከሆነ አንድ ቀን ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ እኔንም አያየኝም፣ በግራ ጫፍ አቁሞኝ፣ ዓይኑ እያየ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ያኔ ኩሽናውን፣ ዝናቡን፣ ዶሮዎቹን፣ ብቻዬን ነው የምቆጥረው፣ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል የሚለኝ ሳይኖር።

ቸከሉ እኮ ሚስ አይሲ፣ መኪናዬ ጭቃ ውስጥ እንኳ እንዲህ አልቸከለችም፣ ልግፋዎት ወይ፣ በርቸል ነው። ፐርሊን፣ ሁለት ድንጋይ ይዛ ይኼን ያህል፣ ትላለች። ልክ ናቸው። ቆየሁ። መቆየት ይናገራል አይሲ፣ አንድ ምርጫ ቢኖርሽም አምስት ምርጫ ቢኖርሽም በአንድ ፍጥነት ጣዪ፣ እጅሽ ከተንቀረፈፈ ለጠረጴዛው ሁሉ ነገርሽ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተንቀርፍፌ አላውቅም። አሁን እጄ አየር ላይ ነው፣ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ዝንቧ ከዝንጅብሉ ወጥታ የብርጭቆውን አፍ እየዞረች ነው፣ ስንተኛ ዙሯ ነው።

ላስ ያየኛል። ፊቴን አይደለም፣ ሰው ፊቱ ይዋሻል እጁን እይ ነው የሚለው፣ እጄን ነው የሚያየው። አታንብበኝ ላስ። ዛሬ ብቻ አታንብበኝ።

ግራ ይሁን። ቆረጥኩ። ይብሉን። እሸፍነዋለሁ፣ ነገ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ነገ ጎማው ይተነፍሳል፣ ቁልፉን እኔ ራሴ እደብቀዋለሁ፣ ዱቄት ዕቃው ውስጥ፣ ሲፈልግ ይውላል፣ ያረጀ ሰው ዕቃ ይጠፋበት የለ፣ አዎ፣ ሰኞ እንዲህ፣ ማክሰኞስ፣ ማክሰኞን ማክሰኞ። እጄ ወደ ግራው ጫፍ ይሄዳል፣ ወደ አምስቱ፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ሊዞር፣ የበርቸል እግር ቀጥ ብሏል።

ላስ ይቆጥራል። አየሁት። አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች ላይ ይሄዳል፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ፣ ዓይኑ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ቆመ። ቆመ፣ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። በስመ አብ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ወደ እጄ አየ፣ ስድስት። አውራ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ሰባተኛውን ይፈልጋል፣ በርቸልን አየ፣ ፐርሊንን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እኔ ጋ ቢኖር ኖሮ ገና ድሮ ጠረጴዛው ላይ አጩኼው እንደነበር ከእሱ በላይ ማን ያውቃል፣ ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ራሱ። ወደ ግራ ጫፍ። እዚያ ቀረ።

ፍርሃት በላስ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ወንዙ ሚኒባሱን ይዞት ሊሄድ ሲል አላየሁም፣ ልጃችን ሲሞት እንኳ ሌላ ነገር ነበር። አሁን አየሁት። እንደ ልጅ ነው የሚፈራው፣ መዳፉን አንስቶ ድንጋዩን ሸፈነው፣ ዕቃ ሰብሮ እንደተያዘ ልጅ፣ ተነስቼ ጠረጴዛውን በገለበጥኩት፣ ዝናብ በመጣ፣ ቆርቆሮው በወደቀ።

በሌላው በኩል አይሲ፣ ይላል።

በጨዋታ መሃል ተናገረ። ላስ ተናገረ። በርቸል ከወንበሩ ብድግ፣ ኧረ ኧረ ኧረ፣ ማስ ላሴልስ፣ ምን ጉድ ነው፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ፣ አፍ አይናገርም ያሉን እርስዎ፣ ዛሬ ስድስት ለዜሮ ሲመጣ ነው አፍ የተፈታው። ላስ አይሰማውም። መዳፉ ድንጋዩ ላይ እንዳለ፣ እያየኝ፣ ድምፁ ቀጥ ያለ ነው፣ ዝጊው አይሲ። ሁለቱን አታውጪ። ዝጊው።

ያውቃል። ከመዳፉ ሥር ያለውን ያውቃል፣ ስዘጋው የሚገለጠውን ያውቃል፣ ዝጊው ይለኛል። እምቢ ልለው እችላለሁ፣ እጄ ግራ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ብለቀው በቃ፣ እሱ ደፍሮ እኔ ልፈራ ነው፣ አጋርሽ ቁጥር ሲያወጣ ተከተዪው፣ ባይገባሽም ተከተዪው፣ አንቺ የማታዪው እጅ አለው። እጄን መለስኩት። በቀኝ በኩል ሁለትን ከሁለት ገጠምኩ፣ አላጮህኩትም፣ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ እንደሚያስተኙ ነው ያስቀመጥኩት። አምስት በዚህ፣ አምስት በዚያ።

አለፍኩ፣ ይላል በርቸል፣ እያጉረመረመ፣ አሁን ደግሞ ድርብ አምስቷን አውጥተው ይስቁብናል። የላስ ተራ ነው። መዳፉን አነሳ። በግራ ጫፍ ያለውን ድንጋይ በሁለት ጣቱ አነሳና፣ አገላበጠ፣ አንዴ አየው፣ ከአምስቱ አጠገብ አጋድሞ አስቀመጠው። ድርብ አምስት። ሰባት ሞላ። ሰባት።

ፐርሊን እጇን አፏ ላይ አደረገች። በርቸል አፉን ከፈተ፣ ቀልዱ አፉ ላይ ነበር፣ አየሁት፣ አሁን አልፈው አልነበር እንዴ ማስ ላሴ፣ አለና፣ ግማሹ ላይ ዘጋው፣ ዓይኑ ከድንጋዩ ወደ ላስ፣ ከላስ ወደ እኔ፣ እኔ አቀረቀርኩ። ኮምፔንሳቶው ላይ የብርጭቆ ክብ አለ፣ እሱን ነው የማየው።

እያለኝ አልፌአለሁ፣ ይላል ላስ። ጨዋታው የእናንተ ነው፣ ኤግበርትን በዚሁ አባርሬዋለሁ፣ ሕግ ሕግ ነው፣ ጠመኔውን ስጠኝ በርቸል። በርቸል ጠመኔውን ከጆሮው አወረደ፣ በቡጢው ጨበጠው፣ ጠመኔ የለም ማስ ላሴልስ፣ አልቋል፣ ይላል፣ ነጩ ብናኝ በጣቶቹ መሃል እየፈሰሰ። ላስ ቡጢውን አየው። ሊስቅ የፈለገ መሰለኝ። ሌላ ነገር ልለምንህ፣ አለ፣ ነገ ጠዋት ሚኒባሱን አንተ ንዳልኝ። ነገ ብቻ አይደለም። ቁልፉን አይሲ ትሰጥሃለች።

እነዳለሁ፣ ምን ችግር አለው፣ አሸዋው ይደርሳል፣ እነዳለሁ።

መሻገሪያው ጋ ስትደርስ መንገዱ ከጠፋህ ሻኖያን ጠይቃት፣ ግራ ይሁን ቀኝ እሷ ታውቃለች።

በርቸል ሳቀ። እዚህ ተወልዶ መሻገሪያው ሊጠፋበት፣ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ፣ ሻኖያ ነግራዋለች፣ ለእሱም የሐሙሱን ጨዋታ ነግራዋለች፣ እሱም እንደ እኔ ስቋል። አሁን ነው የገባው። ዓይኑ ውሃ ሞላ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ወደ መንገዱ ዞረ።

ለካ ያውቅ ኖሯል። ሐሙስንም ያውቃል፣ ልጆቹን ሲጠይቅ ለቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ዓርብ እያወቀ ነዳ፣ እየፈራ፣ ራት ላይ የሚበላ አለ ሲለኝ እየፈራ ነበር፣ እኔ ከወጡ ጋር ስጨነቅ እሱ ከሳህኑ ማዶ ሲጨነቅ፣ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው፣ እያንዳንዱ ለሌላው አለፍኩ እያለ። ተናድጃለሁ። እወድሃለሁ። አሥራ አራት ልጅ ጭነህ ላስ፣ እንዴት ትችላለህ፣ እኔስ እንዴት ቻልኩ።

ቀላቅሉ እንጂ፣ ምን እንሆናለን፣ ይላል በርቸል፣ ድምፁን ጠርጎ፣ ወደ እኛ ሳይዞር፣ ገና ፀሐይ አለች። ፐርሊን ድንጋዮቹን ትደፋለች፣ በሁለት እጇ ታሻለች፣ ያ የምወደው ድምፅ፣ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር፣ ሁሉም ሰባት ሰባቱን ይወስዳል። ሰባቴን አቆምኩ፣ አላየኋቸውም፣ ላስን ነው የማየው፣ ከእንግዲህ ሁሌ እንዲህ ልሆን ነው መሰለኝ፣ የራሴን እጅ ትቼ። አንድ ወሰደ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ቆመ። ስድስቱን በሰልፍ አቆመና እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። መሃል ላይ አንድ ድንጋይ ተደፍቶ ቀርቷል። በርቸልም አየው፣ ፐርሊንም አየችው፣ የአጋርን ድንጋይ መንካት ነውር ነው፣ እፈራለሁ፣ ጌታ ሆይ እንዴት እንደምፈራ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ በአንድ ጣቴ ወደ እሱ ገፋሁት።

ሰባት ነው ላስ፣ እላለሁ። ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እየሰማ።